ያላለፈው መኪና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ነሐሴ፣ ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚወስደው አሮጌ መንገድ አጠገብ፣ አንድ ደረቅ ቦረቦር ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ፈርቼ አላውቅም አልልም፤ ውሻም እባብም እፈራለሁ። ያን ቀን ያስፈራኝ ግን የማላውቀው ነገር አልነበረም። ከተወለድኩ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው። ለዚህ ይመስለኛል እስካሁን አልለቅም ያለኝ።

ቤዛ እባላለሁ። የምሠራው አዳማ መናኸሪያው አካባቢ ካለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ አልገፋሁበትም። ማሽኑ አበላሽቶ በሚተፋው ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። እንግሊዝኛም የለመድኩት እዚያው ነው፤ ሰው ኮፒ ሊያስደርግ መጽሐፍ ሲያመጣ ገጹን ስገለብጥ አብሬ አነባለሁ። የቀረውን ፊልም አስተምሮኛል። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፣ እናቴ «እግርሽ ውስጥ ጉንዳን አለ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ቲቸር ጫልቱ ወደ ሱቁ መጡ። ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ መምህርት ናቸው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ምንም አላመመውም። ብዙ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዘው ነበር። እኔም እንደ ልማዴ እያነበብኩ አገላብጣለሁ።

«ታነቢዋለሽ ወይስ ታባዥዋለሽ?» አሉኝ።

«ሁለቱንም ቲቸር።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ቆይ፣ አዋሽን ባህር ያስገባሽው አንቺ አይደለሽ?»

እኔው ነኝ። ፈተና ላይ የአዋሽን ወንዝ ከካርታው ጫፍ አልፌ ቀይ ባህር አስገብቼው ነበር። እዚያ አሸዋ ላይ ጠፍቶ መቅረቱ አሳዝኖኝ ነው። ቲቸር ወረቀቴን ከክፍል ክፍል እያዞሩ ሲስቁብኝ ከረሙ።

ወረቀቱ የዓለም አቀፍ የክረምት ትምህርት ነበር። ከተለያየ አገር ተማሪዎችና መምህራን አብረው ይመጣሉ፣ አዳማ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ግቢ ያርፋሉ፣ ከአዳማ ተማሪዎች ጋር ስለ አፈርና ስለ ውሃ እየዞሩ ይማራሉ። መምህሩም ከተማሪው እኩል ተማሪ ነው፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። አስተርጓሚ ጎድሏቸው ኖሮ ቲቸር ጫልቱ እኔን ጠቆሙ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ እንግሊዝኛ። በደስታ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዶቹ የመጡት ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት ይዘው ነው። በአብዛኞቹ አገር ወሩ በጋ ነው። እኛ ጃንጥላ ይዘን ተቀበልናቸው። መጀመሪያ ቀን በዚህ ተሳሳቅን። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ያኔ ስለሆነ ሌላ ጊዜ ሊሆን አይችልም ነበር። ጎርፍ የሚወርድበት ወር መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን፤ እኛም ብንሆን ነገሬ አላልነውም።

ትምህርቱን የሚመራው ቶማስ የሚባል ሆላንዳዊ መምህር ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ከእንግዶቹ ሁሉ የተግባባሁት ግን ሱኒታ ከምትባል የኔፓል ተማሪ ጋር ነው። ትንሽዬ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የእሷን እንግሊዝኛ ሌሎቹ ቶሎ አይረዱትም፣ የእኔንም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለታችን ብቻ የምንግባባበት ሌላ እንግሊዝኛ ፈጠርን። ግሡ ሁሉ የዛሬ ነው፣ ትላንትና ነገን በእጃችን እንጠቁማለን።

የዚያን ቀን የሄድነው የቆቃን ሐይቅ የሚሞላው ደለል ከየት እንደሚነሳ ለማየት ነው። ሐይቁን አንድ ቀን ቀድመን ጎብኝተነዋል። አሁን ደግሞ ወደላይ ተመልሰን አፈሩ የሚሸረሸርበትን ቦረቦር ልናይ ነው። አዳማ ላይ ፀሐይ ነበር። ከሰሜን በኩል ከኮረብታዎቹ ወዲያ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሯል። ቲቸር ጫልቱ ከሚኒባሱ ወርደው ያንን ጥቁር ሰማይ ቆመው አዩት።

በአጠገባችን ማሽላውን የሚጠብቅ አንድ ገበሬ ነበር። በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ፤ ስለ ቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ልጅ ተጠያየቁ። ከዚያ ውሃው በዚህ ይወርድ እንደሆነ ጠየቁት። ከላይ አዲስ ቦይ ከተቆረጠ ወዲህ ጎርፉ በሌላ በኩል እንደሚሄድ፣ ዘንድሮ አንድም ጊዜ እንዳልወረደ ነገራቸው። እውነቱን ነው፤ አሸዋው ላይ የፍየል ኮቴ እንጂ የውሃ ምልክት አልነበረም። ወረድን።

ወደ ቦረቦሩ የሚያስገባው አንድ ተዳፋት ብቻ ነው፣ ፍየሎች የረገጡት። ሌላው ዳር ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፤ አፈሩ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ነጭ አሸዋ ነው። ከተዳፋቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቦረቦሩ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ድንጋይ በሽቦ መረብ ታስሮ ከዳር እስከ ዳር ተገንብቷል። ጋቢዮን ይሉታል። ከላይ በኩል ደለል ሞልቶት ከመሬቱ እኩል ሆኗል። ከታች በኩል ግን እንደ ትልልቅ ደረጃ ይወርዳል። መሀሉ ውሃ እንዲያልፍበት ዝቅ ያለ ነው፣ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ብለው ዳሩ ውስጥ ገብተዋል።

«የታሰሩ ድንጋዮች» አልኩ፣ ግጥም መሆኑ ነው።

«ታስረው ነው የሚጠቅሙት። አንቺንም እንደዚህ ቢያደርጉሽ ጥሩ ነበር» አሉ ቲቸር ጫልቱ። የአዳማ ተማሪዎች ሳቁ። ለእንግዶቹ አልተረጎምኩላቸውም።

ከዚያ ቶማስ ልምምዱን አስረዳ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይቀመጣል። ዓይኑን በሻርፕ ያስራል። የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ በመጣበት አቅጣጫ ወረቀት ላይ በምልክት ያስቀምጣል፤ ለመሳል ብቻ ሻርፑን ትንሽ ገለጥ ማድረግ ይፈቀዳል። ማውራት የለም። ማለቁ የሚታወቀው እሱ ሲያጨበጭብ ነው። አካባቢን ማወቅ ከጆሮ ይጀምራል፣ ዓይን ያታልላል አለ። እኔም በሁለት ቋንቋ ተረጎምኩት። ነገሩ ደስ ብሎኝ ስለነበር ከእሱም ጨምሬ አሳመርኩት።

ቲቸር ጫልቱ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተነሱ። «እኔ ከእናንተ ሹክሹክታ ልራቅ» ብለው የጋቢዮኑን ደረጃ አንድ በአንድ፣ የሚያመውን ጉልበት እያስቀደሙ ወረዱ። ከመታጠፊያው ወዲያ ሥሩ የወጣ አንድ ግራር አለ። ጥላው ሥር ተቀመጡ። እኛ ከምንቀመጥበት አይታዩም።

እኔና ሱኒታ ለብቻ መቀመጡን ትተን፣ ከተዳፋቱ ወደ ላይኛው በኩል፣ ቦረቦሩ አሸዋ ላይ፣ ተቀራርበን ተቀመጥን። ዓይኔን አሰርኩ።

ጥሩ ጊዜ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። በግራዬ ፍየል ያስነጥሳል። ከላይ ገበሬው ወፍ ሊያባርር ጅራፉን ያጮኻል። ንብ አለች። የጋሪ ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከቀኝ ደግሞ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የጅቡቲ መኪና። እሱን ገና ሳልሰማው ነው የሳልኩት። እዚህ አገር ያደገ ሰው ለመኪና ጆሮ የለውም። ተሳቢ ጭኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄደው፣ ከዚያ የሚመለሰው፣ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ የሚቀንሰው፣ ሌት ተቀን አያቆምም። ቤታችን መንገድ ዳር ነው። መኪና ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ እኛ ግን ወሬያችንን አናቋርጥም።

ከዚያ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ መጣ። ሌላ መኪና አልኩ በልቤ። ምናልባት ሁለት ተከታትለው። «መሬቱ ለራሱ ያንጎራጉራል» የሚል ስንኝ መጣልኝ፤ እንዳይጠፋብኝ ደጋገምኩት።

ሱኒታ ጉልበቴን ነካች። ማውራት ክልክል ነው፣ ግን በሹክሹክታ፦ «መኪና ነው?»

«መኪና ነው» አልኳት። ሻርፑን እንኳ አልገለጥኩም።

ድምፁ አላቋረጠም። «ይሄኛው በጣም ረጅም ነው» አለች።

ያኔ ነው በደንብ የሰማሁት። መኪና ከሩቅ ይመጣል፣ ያድጋል፣ ፊትህ ይደርሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ሰውነቴ ያውቀዋል። ይሄ ድምፅ ግን ይመጣል፣ ያድጋል፣ አሁንም ያድጋል። የሚያልፍበትን ቦታ ጠበቅሁ። አላለፈም።

ሻርፑን አወለቅሁ። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አሸዋው ደረቅ ነው። የአዳማ ተማሪዎች ዓይናቸውን አስረው በሰላም ይስላሉ። አንዱ አጠገቤ ያለው ልጅ ወረቀቱ ላይ ቆንጆ ተሳቢ መኪና እየሳለ ነው፣ ጎማዎቹን ሁሉ። ሱኒታ ግን ሻርፏን ጥላ መዳፏን አሸዋው ላይ ለጥፋለች። ፊቷ ተለውጧል።

ከዚያ ከላይ በኩል ቀዝቃዛ አየር መጥቶ ፊቴን ነካኝ። ሽታ ነበረው። ዝናብ የነካው አፈርና እበት ሽታ። ዝናብ በሌለበት ቦታ የዝናብ ሽታ።

ሱኒታ በራሷ ቋንቋ አንድ ቃል ተናገረች። ቃሉን አላውቀውም፤ ዓይኗን አይቼ ግን ገባኝ።

ተነሳሁ። አፌን ከፈትኩ። አስተርጓሚ ነኝ፣ ባለ ሦስት ቋንቋ፣ ግጥም እጽፋለሁ እያልኩ የምኮራ። አንድም ቃል አልወጣም። ይህን መቼም አልረሳውም። ጎርፍ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። በኦሮምኛም ጠፋኝ። አፌ ብቻ ይከፈታል። ሕልም ላይ ሰው ሊጮህ ፈልጎ የሚያቅተው ዓይነት ነው።

ከዚያ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት ጩኸት ወጣኝ። «ደራሽ! ደራሽ!»

የአዳማ ልጆች ሻርፓቸውን ሳያወልቁ ነው ብድግ ያሉት። እንግዶቹ ቃሉን ባያውቁትም ሻርፓቸውን ገልጠው ሰው ሲሮጥ አዩ፣ ሮጡ። ቶማስ ተዳፋቱ አፍ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን በክንዱ እየያዘ ወደ ላይ ይወረውራል። ወረቀቶቹ አሸዋው ላይ ቀሩ። እኔም ወደ ተዳፋቱ ሮጥኩ፣ አንድ እግሬን አወጣሁ።

ያኔ ትዝ አሉኝ። ቲቸር ጫልቱ ከመታጠፊያው ወዲያ ናቸው። ጩኸቴ አልደረሳቸውም። ከታች በኩል መውጫ የለም። ጋቢዮኑን መልሰው ካልወጡ በቀር ውሃው የሚያገኛቸው ተቀምጠው ነው።

ደፋር አይደለሁም። ያን ጊዜ «ሌላ ሰው ይሂድ» ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሁሉም ወደ ላይ እየወጣ ነው። የተቀመጡበትን ያየሁት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ ወደ ታች ሮጥኩ።

የጋቢዮኑን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ግራሩ ሥር እግራቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን በጥቁር ሻርፕ አስረው፣ እርሳሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ተማሪ ሲሆኑ ከተማሪ ሁሉ የባሱ ናቸው።

«ቲቸር! ይነሱ! ደራሽ መጣ!»

ሻርፑን አላነሱም። «ዝም በይ። ሰውየው አላጨበጨበም።»

«ቲቸር በእግዚአብሔር! አይሰማዎትም?»

«እሰማለሁ። መኪና ነው። ስዬዋለሁ።»

«አይደለም! አላለፈም ቲቸር! መኪናው አላለፈም!»

እርሳሳቸው ቆመ። ሻርፑን እንዳሰሩ ጭንቅላታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። አዳማ ነው ተወልደው ያደጉት፤ ያን መንገድ ከእኔ በእጥፍ ሰምተውታል። ሲገባቸው አየሁ። መጀመሪያ ከንፈራቸው ነጣ፣ ከዚያ ሻርፑን ከዓይናቸው መነጨቁት።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጉልበቴ እኮ አይነሳም።»

ክንዳቸውን በአንገቴ ላይ ጠምጥሜ አነሳኋቸው። ከባድ ናቸው። ድምፁ አሁን መኪና አይመስልም፣ ምንም አይመስልም፣ ከሁሉም በኩል ይመጣል። ወደ ጋቢዮኑ ሄድን። ወደ ውሃው ማለት ነው። ከሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነበር። ሰው ከሚፈራው ነገር ይሸሻል፣ እኛ ግን መውጫችን እሱ በሚመጣበት በኩል ስለሆነ ወደ እሱ መሄድ ነበረብን።

መጀመሪያው ደረጃ ላይ እኔ ወጥቼ ጎተትኳቸው። ሁለተኛው ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው ወጡ፣ ሽቦው ቀሚሳቸውን ቀደደው። ቦርሳቸውን ጣሉት። ጫፉ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ።

ውሃ አይመስልም ነበር። ቡናማ የሆነ፣ ቁመት ያለው፣ እንጨትና ቆሻሻ የለበሰ ነገር በቦረቦሩ ሙሉ ስፋት ይመጣል። ቀስ ያለ ይመስላል፤ አይደለም። ከፊቱ የፕላስቲክ ጠርሙሶች እየዘለሉ ይቀድሙታል፣ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቀ ልጅ። እኛ ተቀምጠን የነበረበት ቦታ፣ ወረቀቶቻችን ያሉበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነጭ ሆኖ ታየኝ። ከዚያ የለም።

«ወደ ዳር!» አልኩ። ወደ ጋቢዮኑ ከፍ ያለ ጫፍ ተንፏቀቅን። ጀርባችንን ነጩ ዳር ላይ ለጠፍን። ከጭንቅላታችን በላይ ገና ብዙ ገደል አለ፤ እጄን ዘርግቼ ስቧጥጠው አፈሩ ዓይኔ ውስጥ ፈሰሰ።

ውሃው ጋቢዮኑን መታው። ከእግራችን ሥር ድንጋዮቹ ተንቀጠቀጡ። ሽቦው ጮኸ፣ እንደ ክራር ክር ቀጭን ጩኸት። መሀሉን አልፎ ወደ ታች ሲወድቅ ግራሩን አየሁት፤ ወገቡ ድረስ ሰመጠ። የቲቸር ጫልቱ ጥላ የነበረው ቦታ ቡናማ ሆኖ ይሽከረከራል።

ከዚያ ውሃው ከፍ አለ። ጫማችንን ነካ። ቁርጭምጭሚታችን ላይ ደረሰ። ቀዝቃዛ ነው። ቲቸር ጫልቱ ቀበቶዬን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«አዋሽን ባህር አስገባሽው» አሉ፣ «እኔን እንዳታስገቢኝ አደራ።»

ሳቅሁ ወይስ አለቀስኩ አላውቅም። ሰው በዚያ ሰዓት እንዴት ይቀልዳል? አሁን ሳስበው ያን ያሉት ለእኔ ነው። ወደ ውሃው ማዘንበል ጀምሬ ነበር፣ ተሰምቷቸዋል።

ከላይ አፈር ወረደብን። ቀና ስል የሱኒታ ፊት ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ በሆዷ ተኝታለች፣ የቦረቦሩን ጥልቀት የምንለካበትን ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ወደ እኛ ዘርግታለች። ከኋላዋ እግሯን የያዛት ቶማስ ነው። የሚኒባሱ ሹፌርና ያ ማሽላ ጠባቂ ገበሬም ደርሰዋል።

«እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው።

«አንቺ ቅደሚ፣ ልጅ ነሽ።»

«ቲቸር እባክዎ አይከራከሩኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ መምህር ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ዘንጉን ያዙ። እኔ ከታች በትከሻዬ ገፋሁ፣ እነሱ ከላይ ጎተቱ። ዳሩ ይፈርሳል፣ እግራቸው ይንሸራተታል፣ አንድ ጫማቸው ፊቴን መትቶ ወደ ውሃው ወደቀ። ገበሬው ክንዳቸውን አገኘ። ከዚያ ክብደታቸው ከትከሻዬ ላይ ተነሳ።

ብቻዬን ቀረሁ።

ይህን ለማንም በደንብ ነግሬ አላውቅም። ዘንጉ እስኪመለስልኝ ድረስ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፣ ግን ከቀኑ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። እሳቸው ይዘውኝ ሳሉ እኔም የያዝኳቸው ይመስለኝ ነበር። አሁን ማንም አልያዘኝም። ውሃው ጉልበቴ ጋ ደርሷል፣ ይጎትታል፣ ሰው እጅህን ይዞ «ና» እንደሚልህ ዓይነት ነው አጎታተቱ። ከእግሬ ሥር የታሰሩት ድንጋዮች ሽቦው ውስጥ ይጋጫሉ። የሚንገጫገጭ ጥርስ ይመስላል። የእነሱ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ። «ሽቦው ከተበጠሰ» አልኩ፤ ሐሳቡን አልጨረስኩትም። ስንኝ አልመጣልኝም። ጸሎትም አልመጣልኝም። «እማ» ብቻ ነው ያልኩት።

ዘንጉ ጭንቅላቴን መታኝ። ያዝኩት።

ከላይ ሳሩ ላይ ወደቅሁ። ሱኒታ ላዬ ላይ ወድቃ በሁለታችን እንግሊዝኛ «አለሽ፣ አለሽ፣ አለሽ» ትለኛለች። ሁሉም ሰው ነበር፣ ማንም አልጎደለም። ተማሪውም መምህሩም ሳሩ ላይ ተበታትኖ ተቀምጧል፣ ልምምዱ እንዳላለቀ ዓይነት። ከሥራችን ቦረቦሩ ይጮኻል። ከወዲያ በመንገዱ አንድ ተሳቢ መጣ፣ አደገ። ሁላችንም፣ ሆላንዳዊውም፣ ኔፓላዊቷም፣ የአዳማዎቹም፣ አንገታችንን አዞርን። አለፈ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ።

ቲቸር ጫልቱ በአንድ ጫማ ተቀምጠዋል። እርሳሳቸው፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አሁንም እጃቸው ውስጥ ነው። ወደ ቶማስ አዩና፦

«ጠይቂልኝ፣ አለቀ ወይ በዪው። ገና አላጨበጨበም።»

እንግሊዝኛዬ ተመልሶ ነበር። ተረጎምኩለት። ቶማስ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ፣ ሁለቱ መዳፎቹ ሳይገናኙ ፊቱን ሸፈነባቸው። ያ ረጅም ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቲቸር ጫልቱ በአንድ ጫማቸው እያነከሱ ሄደው ጀርባውን መቱለት።

በኋላ እንደሰማነው ከላይ የተቆረጠው ቦይ ዳሩ ተደርምሶ ነው ውሃው ወደ ጥንቱ መንገዱ የተመለሰው። ገበሬው ደጋግሞ ቲቸርን ይቅርታ ጠየቀ። «አንተ ምን አደረግህ፣ እኛም ያየነውን ነው የነገርከን» አሉት።

በመዝጊያው ቀን ስለ ተፈጥሮ ግጥም እንዳነብ ተነግሮኝ ነበር። አስቀድሜ ጽፌዋለሁ፣ ወንዝ ያለበት፣ ወንዙም እናት የሆነበት። ስሜ ሲጠራ ተነስቼ ግጥሙን እንዳልወደድኩት ተናገርኩና ተቀመጥኩ። ማንም አልተከፋም። ሱኒታ ስትሄድ ዓይኗን ያሰረችበትን ሻርፕ አንገቴ ላይ አድርጋልኝ ሄደች።

አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። ግጥምም እጽፋለሁ፣ ያችን «መሬቱ ለራሱ ያንጎራጉራል» የምትለዋን ስንኝ ግን አልነካኋትም። ያኔ አምራልኝ ነበር፤ የሚመጣብንን ነገር እንደ ዜማ ነበር የሰማሁት። ቤታችን ያው መንገድ ዳር ነው። መኪና ሲመጣ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጣለሁ፣ እናቴ ወሬዋን ስትቀጥል እኔ አልሰማትም። እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ድሮ ይህ ድምፅ ያስተኛኝ ነበር። ያንን ማጣቴ ያናድደኛል፣ እውነቱን ለመናገር።

ቲቸር ጫልቱም እንደ እኔው ሆነዋል። ከኮረብታዎቹ ወዲያ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ይደውሉልኛል። ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ፣ ስለ ተማሪዎቻቸው ስንፍና ያማርራሉ፣ አንድ ጊዜም አዋሽን ሳያነሱ አይቀሩም። ከዚያ መሀል ላይ በእሳቸው ቤት በኩል ወይም በእኔ በኩል ያ ጉርምርምታ ይመጣል። ሁለታችንም ወሬ እናቆማለን።

«መኪና ነው» ይላሉ።

«አዎ ቲቸር፣ መኪና ነው» እላቸዋለሁ።

እስኪያልፍ ድረስ ግን ሁለታችንም ስልኩን አንዘጋውም።